ዱላው ከበር አይለፍ

የመዝናኛ ፓርኮች ሰልፊ ስቲክን እንዴት እንደከለከሉና ወላጆች ከዚህ የሚያገኙት ትምህርት

ሕግ ማውጣት ቀላል ነው፤ ማስከበር ግን ያደክማል። ልጅ ያሳደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። “ማዕድ ላይ ሞባይል አይነካም” ብለን ሰኞ እናውጃለን። ማክሰኞ እንግዳ ስላለ እናልፈዋለን። ረቡዕ አባት ራሱ የሥራ ስልክ ያነሣል። ዓርብ ሲደርስ ሕጉ ተረስቶ የሚቀረው የእናት ጩኸት ብቻ ነው። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የልጆቹ ነው ወይስ ሕጉን የያዝንበት መንገድ?

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጥያቄ የምንመለከተው ከቤታችን ራቅ ብለን፣ በአሜሪካ የመዝናኛ ፓርኮች በር ላይ ቆመን ነው። ነገሩ ስለ አንድ ቀጭን ዱላ ነው። ለብዙዎች ተራ ወሬ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በየዓመቱ ሚሊዮኖች የሚገቡባቸው ፓርኮች ይህን ዕቃ ለምን እንደከለከሉና ክልከላውን እንዴት እንዳስከበሩ ስናስተውል ለቤታችን የሚሆን ቁም ነገር እናገኝበታለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ዱላው ከየት መጣ?

ሰልፊ ስቲክ የሚባለው ጫፉ ላይ ስልክ ወይም ካሜራ የሚታሰርበት፣ እንደ ሬዲዮ አንቴና የሚሳብና የሚታጠፍ ዘንግ ነው። ብዙዎች የዛሬ ዘመን ፈጠራ ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን ከዚያ ይረዝማል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሚኖልታ በተባለው የካሜራ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩ ሂሮሺ ኡዌዳ የተባሉ ጃፓናዊ ባለሙያ ከባለቤታቸው ጋር አውሮፓን ሲጎበኙ ሁለቱ አብረው ፎቶ መነሣት ተቸገሩ። ፓሪስ ውስጥ፣ በሉቭር ሙዚየም አካባቢ፣ አንድ ልጅ እንዲያነሣቸው ካሜራውን ሰጡት። ልጁም ካሜራውን ይዞ እብስ አለ። ኡዌዳ ከዚህ በኋላ ሰው ሳያስቸግሩ ራሳቸውን የሚያነሡበትን ዘንግ ሠርተው በ1983 የፈጠራ መብት አስመዘገቡበት። ዘንጉ ግን ገበያ አላገኘም። እንዲያውም በ1995 የታተመ አንድ መጽሐፍ ከጃፓን አስቂኝና ጥቅም የለሽ ፈጠራዎች መካከል ቆጠረው።

ኋላ ግን ስልኮች ካሜራ አወጡ፤ ቀጥሎም ካሜራው ወደ ተጠቃሚው ፊት ዞረ። በ2014 ታይም የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከዓመቱ 25 ምርጥ ፈጠራዎች መካከል ሰልፊ ስቲክን አካተተ። ከመሳለቂያነት ወደ ምርጥነት ለመሻገር 19 ዓመት ብቻ ፈጀበት።

ልብ በሉ፤ ይህ ዱላ የተወለደው መተማመን ከተሰበረበት ስፍራ ነው። ሰውየው ካሜራቸውን ለማያውቁት ልጅ አመኑ፤ ልጁም ከዳቸው። ከዚያ ወዲህ “ማንንም ሳልለምን ራሴን አነሣለሁ” የሚል ዕቃ ተገኘ። ለቤተሰብም የሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። የብዙዎቻችንን አልበም ብንገልጥ ከአባትና ከእናት አንዱ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ ምክንያቱም ካሜራውን የያዘው እርሱ ነው። ዱላው ያንን የጎደለ ወላጅ ወደ ፎቶው አስገባው። ስለዚህ ክልከላው ሲመጣ ብዙ ቤተሰብ ቅር ቢለው አያስደንቅም።

አደጋው የት ላይ ነው?

በሜዳ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ዱላ ቢይዝ የከፋው ነገር የሰው ፊት መንካት ነው። ሮለር ኮስተር በሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መሐንዲሶች ሐዲዱን ሲነድፉ በተሳፋሪው ዙሪያ ባዶ ቦታ ይተዋሉ። ይህም ረጅም ሰው እጁን እስከ መጨረሻው ቢዘረጋ እንኳ ምሰሶ፣ ግድግዳ ወይም ሌላ ብረት እንዳይነካ ነው። ስሌቱ የተሠራው በሰው ክንድ ልክ ነው። አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም ዱላ ሲጨመርበት ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል።

ለምሳሌ በካሊፎርኒያ፣ በአናሃይም ከተማ በሚገኘው የዲስኒ ፓርክ ካሊፎርኒያ ስክሪሚን የተባለ ሮለር ኮስተር ነበር። በ2018 ታድሶ ስሙ ኢንክሬዲኮስተር ተብሏል። ይህ ባቡር ከቆመበት ተነሥቶ በ4 ሴኮንድ ገደማ በሰዓት ወደ 88 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይደርሳል። በዚህ ፍጥነት የሚከንፍ ሰው የያዘው ዱላ ምሰሶ ቢነካ የራሱን እጅ ይጎዳል። ከእጁ ቢያመልጠው ደግሞ ዱላውና ስልኩ ከኋላው ወደተቀመጡት ሰዎች ይወረወራሉ።

“አንድ ስልክ ምን ያደርጋል?” የሚል ቢኖር በ2011 በፍሎሪዳ የሆነውን ይመልከት። በኦርላንዶ ከተማ፣ በዩኒቨርሳል ፓርክ ድራገን ቻሌንጅ የተባሉ ሁለት ሮለር ኮስተሮች ነበሩ። ሁለቱ ባቡሮች በአንድ ጊዜ ተነሥተው ፊት ለፊት እየተምዘገዘጉ፣ ሊጋጩ ግማሽ ሜትር እንኳ ሳይቀራቸው እንዲተላለፉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። በዚያ ዓመት በጋ ወራት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ሁለት ተሳፋሪዎች በየጊዜያቸው በበረረ ዕቃ ተመቱ። አንደኛው ሰው ዓይኑን አጣ። ያን ጊዜ ሰልፊ ስቲክ ገና አልተስፋፋም ነበር። ከሰው ኪስ ወይም እጅ የሚያመልጥ ትንሽ ዕቃ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ግን ግልጽ ሆነ። ፓርኩ በዚያው ዓመት ሁለቱ ባቡሮች ከእንግዲህ በአንድ ጊዜ እንዳይነሡ ወሰነ።

አንድ ሰው ለመዝናናት ወጥቶ፣ ዓይኑን አጥቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስለ ዱላው የምንነጋገረው ይህን እያሰብን መሆን አለበት።

ምልክት መለጠፍ ብቻ አልበቃም

ዲስኒ ዱላውን በአንድ ጊዜ አልከለከለም። በመጀመሪያ የተከለከለው በፈጣን መጫወቻዎች ላይ ብቻ ነበር። በአንዳንዶቹ መግቢያ ላይ ምልክት ተለጠፈ፤ ሠራተኞችም ዱላ የያዘ ሰው ሲያዩ “እባክዎ ያስቀምጡት” ይሉ ነበር። ሰዎች እሺ ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል። ባቡሩ ከተነሣ በኋላ ግን አንዳንዱ መልሶ ያወጣዋል። ሠራተኛው መሬት ላይ ነው፤ ተሳፋሪው አየር ላይ ነው። ማን ይከለክለዋል?

በጁን 2015 በካሊፎርኒያ ስክሪሚን ላይ አንድ ተሳፋሪ ጉዞው ተጀምሮ ሳለ ዱላውን አወጣ። ባቡሩ እንዲቆም ተደረገ፤ መጫወቻውም ለአንድ ሰዓት ያህል ተዘጋ። በአንድ ሰው ፎቶ ምክንያት አብረው የተሳፈሩትም፣ ልጆቻቸውን ይዘው በሰልፍ የሚጠብቁትም ተጉላሉ።

በዚያው ወር፣ ዓርብ ጁን 26 ቀን፣ ዲስኒ አዲስ ውሳኔ አስታወቀ። ከማክሰኞ ጁን 30 ጀምሮ በፍሎሪዳና በካሊፎርኒያ ፓርኮቹ ሰልፊ ስቲክ ፈጽሞ እንዳይገባ ተከለከለ። በማግስቱ ጁላይ 1 ቀን የፓሪስና የሆንግ ኮንግ ፓርኮቹ ተከተሉ። ምክንያቱ የጎብኚዎችና የሠራተኞች ደኅንነት መሆኑ ተገለጸ። ክልከላው እስከ ዛሬ ጸንቶ ይገኛል።

እዚህ ላይ ዋናውን ለውጥ እንይ። ሕጉ ከባቡሩ ላይ ተነሥቶ ወደ ዋናው በር ተዛወረ። ጎብኚ ሁሉ ሲገባ ቦርሳው ይፈተሻል። በሀገራችን በሆቴል፣ በባንክና በትልልቅ ስብሰባዎች በር ላይ የለመድነው ፍተሻ ዓይነት ነው። ፈታሹ ዱላውን ካገኘ ሰውየው መኪናው ወይም ሆቴሉ መልሶ ሊያስቀምጠው፣ አለዚያም እዚያው አስረክቦ ሲወጣ ሊወስደው ይችላል። ቅጣት የለም፤ ስድብ የለም፤ ንብረቱም አይወረስም። ዱላው ግን ከበር አያልፍም።

ዩኒቨርሳልም ከዱላው ባለፈ ለማናቸውም የሚበር ዕቃ ተመሳሳይ መንገድ ያዘ። በ2015 በድራገን ቻሌንጅ መግቢያ ላይ የብረት መፈተሻ ማሽን አቆመ። ጎብኚዎች ስልካቸውንና ሳንቲማቸውን ሳይቀር በአቅራቢያው ባለው ቁልፍ ያለው ሳጥን ያለ ክፍያ አስቀምጠው እንዲሳፈሩ አደረገ። ያ መጫወቻ በ2017 ተዘግቷል።

በር ላይ ማስከበር ለምን ይሻላል?

አንደኛ፣ ሁሉም እኩል ይዳኛል። ሕጉ በየመጫወቻው ሲሆን አንዱ ሠራተኛ ይፈቅዳል፤ ሌላው ይከለክላል። “እዚያኛው ጋ ተፈቅዶልኝ ነበር” የሚል ክርክር ይነሣል። በር ላይ ሲሆን ግን ሀብታሙም ድሃውም፣ አዋቂውም ሕፃኑም አንድ ቃል ይሰማሉ።

ሁለተኛ፣ ደካማውን ሠራተኛ ያሳርፋል። በመጫወቻዎቹ ላይ ከሚቆሙት ሠራተኞች ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። አንድ የ20 ዓመት ወጣት በቀን ውስጥ ከመቶ ጎብኚዎች ጋር ስለ ዱላ መከራከር የለበትም። ማጂክ ኪንግደም የተባለው የዲስኒ ፓርክ ብቻ በ2015 ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ጎብኚ እንዳስተናገደ ይገመታል። ይህም በቀን ከ50 ሺህ ሰው በላይ ነው። ሕጉ በር ላይ ካላለቀ ክርክሩ ቀኑን ሙሉ አያልቅም።

ሦስተኛ፣ ፈተናውን ከእጅ ያርቃል። ከባቡሩ ላይ ሆኖ ያማረ እይታ ሲያይ ቦርሳው ውስጥ ዱላ ያለው ሰው ማውጣቱ አይቀርም። ዱላው መኪና ውስጥ ከሆነ ግን ፈተናውም የለም።

አራተኛ፣ የሰውን ክብር ይጠብቃል። ባቡር አስቁሞ በሰው ሁሉ ፊት መውረድ ውርደት ነው። በር ላይ “ይህን እዚህ ያስቀምጡ፤ ሲወጡ ይወስዱታል” መባል ግን ማንንም አያዋርድም።

ቅሬታዎቹስ?

ክልከላውን ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም። አንዳንዶች “ዲስኒ የራሱን ፎቶ ሊሸጥልን ነው” አሉ። እውነት ነው፣ በፓርኮቹ ውስጥ ፎቶ አንሥተው የሚሸጡ የዲስኒ ባለሙያዎች አሉ። ሆኖም እነዚሁ ባለሙያዎች ጎብኚው ከጠየቃቸው በራሱ ስልክ ያለ ክፍያ ያነሡለታል። ክልከላውም ዱላውን እንጂ ስልኩን አይመለከትም። በጀርባ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ አነስተኛ የካሜራ ማቆሚያ እንኳ ይፈቀዳል።

ዱላውን የከለከሉት ፓርኮች ብቻ አለመሆናቸውም ሊታወቅ ይገባል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን የሚገኙት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች በማርች 2015 ዱላውን ከልክለዋል። የለንደኑ ናሽናል ጋለሪና የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምም በዚያው ዓመት እንዲሁ አድርገዋል። እነዚህ ስፍራዎች ሮለር ኮስተር የላቸውም፤ የሚሰጉት ለጎብኚዎችና ለቅርሶቻቸው ነው።

ከቅሬታዎቹ ሁሉ ሚዛን የሚደፋው ብቻውን የሚጓዝ ሰው ወይም እጁን እንደልቡ መዘርጋት የማይችል አካል ጉዳተኛ የሚያቀርበው ነው። ለእርሱ ዱላው ቅንጦት አይደለም። ክልከላው ይህን ሰው በእርግጥ ያስቸግረዋል። መልሱ ያለው በእኛ በሌሎቹ እጅ ነው። አጠገባችን ብቻውን የቆመ ሰው ስናይ “ላንሣህ?” “ላንሣሽ?” ማለት ምን ይከብዳል? ዱላው የተፈጠረው አንድ ልጅ የሰው አደራ ይዞ ስለሸሸ ነበር። አደራውን በደስታ የሚመልስ ሰው ካለ ዱላው ብዙ አይናፍቅም።

ልጆቻችን በር ላይ ያዩናል

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እነዚህ ፓርኮች ይሄዳሉ። የአንድ ቤተሰብ የአንድ ቀን መግቢያ ብቻ ከባድ ገንዘብ ነው፤ ብዙዎች ለዓመት ያህል ያጠራቅሙለታል። ስለዚህ በር ላይ “አይቻልም” መባል ያናድዳል።

በእነዚህ ፓርኮች ሌላም የበር ሕግ አለ፤ እርሱም የቁመት መለኪያ ነው። አሁን ኢንክሬዲኮስተር በሚባለው ላይ ለመሳፈር የልጁ ቁመት ቢያንስ 122 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ሁለት ሳንቲ ሜትር የጎደለው ልጅ ያለቅሳል። ይህን ጊዜ አንዳንድ ወላጅ ከሠራተኛው ጋር ይጣላል፤ አንዳንዱም አስቀድሞ በልጁ ጫማ ውስጥ ነገር ከትቶ ረጅም ያስመስለዋል። የትከሻ መያዣው ግን የተሠራው ለልጁ እውነተኛ አካል ነው። ጫማ ውስጥ የገባ ካርቶን በ88 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ልጅን አይዝም።

ከአደጋውም በላይ ልጁ የሚማረውን እናስብ። አባት ዱላውን ከሹራቡ ሥር ደብቆ ቢያልፍ፣ እናት የጫማውን ነገር ብታቀነባብር፣ ልጁ በዚያች ደቂቃ “ሕግ ለሌሎች ነው” የሚል ትምህርት ይወስዳል። ይህን ትምህርት ከፓርኩ ይዞት ይወጣል። ቤት ሲደርስም በእኛው ሕግ ላይ ይጠቀምበታል። በተቃራኒው አባት “እሺ፣ መኪና ውስጥ አስቀምጬው እመለሳለሁ” ብሎ በፀሐይ ተመልሶ ሲሄድ ያየ ልጅ፣ አንድ ሺህ ምክር የማያስተምረውን ይማራል።

ወደ ቤታችን ስንመጣ

ከፓርኮቹ ተሞክሮ ለቤታችን የሚሆኑ አምስት ነገሮችን እንውሰድ።

1. ሕጉን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ዲስኒ ከመጀመሩ ከቀናት በፊት አስታውቋል። ልጅ እጁ ላይ ያለውን ስልክ ድንገት ከመንጠቅ፣ “ከመጪው ሰኞ ጀምሮ እንዲህ ይሆናል” ማለት ይሻላል።

2. ምክንያቱን በአጭሩ ንገሩ። “ስለተናደድኩ” ምክንያት አይሆንም። “በእራት ሰዓት እርስ በርስ እንድንነጋገር” ግን ምክንያት ነው።

3. በር ላይ አስከብሩ። ስልክ የሚቀመጥበት ሌማት ወይም ሣጥን ከመመገቢያው ክፍል መግቢያ አጠገብ ይሁን። እራት ተጀምሮ ልጁ ስልኩን ከነካ በኋላ መጮህ ባቡሩን መሐል መንገድ እንደማስቆም ነው፤ ጥፋተኛውንም ንጹሑንም ያጉላላል።

4. ሕጉ አባትና እናትንም ይያዝ። የአባት ስልክ ሌማቱ ውስጥ ከሌለ የልጁም ብዙ አይቆይም። ለሥራ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ አስቀድሞ ለቤተሰቡ ይነገር።

5. የወሰዳችሁትን በሰዓቱ መልሱ። ፓርኩ ዱላውን አይወርስም። “እራት ሲያልቅ ትወስደዋለህ” ካላችሁ እራት ሲያልቅ ስጡት። በዚህ ቃላችሁን ከጠበቃችሁ ልጁ በሚቀጥለው ቀን ሳይጨቃጨቅ ያስቀምጠዋል።

ወደ ፓርክ ለምትሄዱ ደግሞ አንድ ምክር እንጨምር። ዱላውን ቤት ትታችሁ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ልጆቹን ቤት ውስጥ ለኩና የትኛው መጫወቻ ላይ መሳፈር እንደሚችሉ ንገሯቸው፤ ለቅሶው ሳሎን ውስጥ ቢያልቅ ይሻላል። ፎቶ ስትፈልጉም አጠገባችሁ ያለውን ቤተሰብ ጠይቁ፤ ከዚያም እነርሱን አንሡላቸው።

ለቤተሰብ ውይይት

• በቤታችን በቃል ብቻ ያለ፣ ነገር ግን የማይከበር ሕግ የትኛው ነው? እናስከብረው ወይስ እንተወው?
• ልጆቻችን እኛ ወላጆች ሕግ ስናልፍ ያዩን መቼ ነው? ምንስ አሉ?
• በፎቶዎቻችን ውስጥ ዘወትር የሚጎድለው ማን ነው? በሚቀጥለው ጊዜ እንዴት እናስገባው?

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።